ስምንት መስመር ወይስ ሁለት

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

የፊዚክስ ፈተና አለቀ። ስለሱ አልጽፍም። ከት/ቤት በቀጥታ ወደ ጓደኛዬ ወደ ጌትነት አጎት ፎቶ ኮፒ ቤት። ኢንተርኔቱ ዛሬ ይሠራል። አንዲት ፎቶ እስክትከፈት ባቄላ ተቆልቶ ይበላል፣ ግን ይሠራል። የሚክሰሩ ፎቶ ከላይ ወደ ታች ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የማይክ መሰኪያዎቹ። ከዚያ የሚዞሩት ቁልፎች። መጨረሻ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱት፣ ፌደር የሚባሉት። ስምንት ናቸው፣ በተርታ የቆሙ። ጌትነት ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። እኔ መተንፈስ አቁሜ ነበር መሰለኝ።

ደብተሬ፣ አንተ ሚክሰር አታውቅም። ቀላል ነው። ብዙ ማይክ ይሰካበታል። የእያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ከፍ ዝቅ ታደርጋለህ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። በቃ ይኸው ነው። ግን አስበው፣ የሰው ድምፅ በጣትህ ሥር ሲሆን!

ለምን እንደምፈልገው አልነገርኩህም። ዛሬ ደስ ስላለኝ ይቀለኛል፣ ልንገርህ።

ጥር 30 የአስካለ ሙት ዓመት ነው። የእህቴ። ደ/ብርሃን ነርስነት እየተማረች ነበር። ታመመች፣ ሁለት ሳምንት አልቆየችም። የቀብሯ ዕለት አክስቴ እትዬ ሸዋረገድ ሙሾ አወጡላት። እዚህ ዘመሮና በዙሪያው እንደ እሳቸው ሙሾ የሚያወጣ የለም። እሳቸው ይላሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ያን ቀን የተባለው ሁሉ ራሷ አስካለ ነበር፤ አረማመዷ፣ አሳሳቋ፣ ንፉግነቷ ሳይቀር። ከዚያ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ይኼ ብቻ ነው፦

ባናሽን ሳትደርቢ፣ ክርሽን ሳትቋጪ፣
ምነው አስካልዬ ውርጭ ላይ ብትወጪ።

እና የሌላው ግማሽ። «ነጭ ለብሼ እመጣለሁ ብለሽኝ ነበር...» ከዚያስ? እማዬ አታስታውስም። ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ መጨረሻ ነገሩኝ። እትዬን ራሳቸውን ጠየቅኩ። እሳቸውም ዘንድ የለም። የወጣ ሙሾ ወጣ፣ አይመለስም አሉኝ።

በሙት ዓመቱ ጠዋት፣ ከቤ/ክ መልስ፣ እግቢያችን ውስጥ አንድ ጊዜ ደግመው ያወጡላታል። ከዚያ ጥቁሩ ልብስ ይወልቃል፣ ሐዘኑ ይፈታል። እትዬም ገዳም ሊገቡ ነው። ቆብ የጫነች ሴት ሙሾ አታወጣም። ስለዚህ ያለኝ አንድ ጠዋት ነው። እሱን በደንብ መቅረጽ አለብኝ። በስልክ ሳይሆን። በስልክ የቀዳሁት የአስካለ ድምፅ አለኝ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየዘነበ ነው የቀዳሁት። ዝናቡ ጥርት ብሎ ይሰማል። እሷ አትሰማም።

ስምንት ፌደር! ልተኛ።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ጌትነት አብዷል። እኔም አብጃለሁ። ዛሬ የሳሙና ካርቶን ቀደን ሚክሰር ሠራን። የሚዞሩት ቁልፎች የቢራ ቆርኪ ናቸው። ለፌደሮቹ በምላጭ ስንጥቅ አወጣንና እንጨት ሰካን። እሱ ይዘፍናል (እንደ ጅብ)፣ እኔ እንጨቱን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ዝቅ ሳደርገው ድምፁን ይቀንሳል። አምስት ደቂቃ እንደ እውነት ሠራን። ከዚያ አንዱን እንጨት እታች አድርሼ ተውኩት፣ እሱም አፉን እየከፈተ ያለ ድምፅ ቀጠለ። ሆዴን ይዤ ወደቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው።

ዕቅዱ፦ እትዬ ለብቻቸው አንድ ማይክ። ተቀባዮቹ ሴቶች ለእያንዳንዳቸው። ጌትነት ሴቶቹን እንደ ፓርላማ ልታስቀምጣቸው ነው ወይ አለኝ። ማይኩንስ ከየት ታመጣለህ አለኝ። ስለሱ ገና አላሰብኩም። መጀመሪያ ሚክሰሩ።

ይኸን ዕቃ ለመግዛት መጀመሪያ ያሰብነው እኔና አስካለ ነን። የዛሬ ሁለት ክረምት፣ የትንሿን ክፍል ግድግዳ በሱፍ ባና ጋርደን፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለን። በዚያ የሱፍ ሙቀት ውስጥ ተቀምጣ ትዘፍን ነበር፣ ላቧ እየተንጠባጠበ። ስትመረቅ በመጀመሪያ ደመወዟ ሚክሰር ልትገዛ ነበር። እኔ ባለሙያው ልሆን፣ እሷ ዘፋኝ።

አሁን ላፕቶፗ አለ። አሮጌ ነው፣ ባትሪው ግን ደህና ነው። መቅረጫ ፕሮግራሙን ጌትነት በፍላሽ አመጣ።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ገና አለፈ። ቤታችን ሬዲዮ ከተዘጋ ዓመት ሊሆነው ነው። ጎረቤት ሲዘፈን አባዬ በሩን ገፋ ያደርገዋል፤ አይቆጣም፣ ገፋ ብቻ።

ዛሬ አውድማ ላይ ገብስ እያዘራን ሳለ ነገርኩት። ሁሉንም፣ በአንድ ትንፋሽ። ፌደር፣ መስመር፣ ዩ ኤስ ቢ፣ ሳልደብቅ። መንሹን ይዞ ነፋስ እስኪመጣ ሲጠብቅ ነበር። ነፋሱ መጣ፣ ገብሱን ወደ ላይ ረጨው። እኔ እዚያው ደረቅኩ።

በኋላ እህሉን ስንሰበስብ ነው የመለሰልኝ። በጎቼ የእኔ ናቸው፤ ሙክቱንም ጠቦቷንም ብሸጥ አይከለክለኝም። የአስካለ በግና ግልገሎቿ ግን ለድግሷ ናቸው፣ እነሱን አልነካም። ይህን ሲል ድምፁ ደህና ነበር። ከዚያ፣ የምታለቅሰውን ሰው ጠይቀሃል ወይ አለኝ። እትዬን ማለቱ ነው። እጠይቃለሁ አልኩ።

ፈቀደ! ደብተሬ፣ ፈቀደ! ከአውድማ እስከ ቤት ሮጥኩ፣ ጆንያ ተሸክሜ።

ጥር 8፣ ዓርብ

ደ/ብርሃን ያለው ሙዚቃ ዕቃ ቤት ስልክ አነሣ። ጌትነት የአጎቱን ስልክ ሰጥቶኝ ሒሳቡ እያለቀ። ባለ ሱቁ ድምፁ የልጅ ነው፣ ፈጣን ተናጋሪ። ሦስት ዓይነት አለኝ አለ።

አንደኛው ራሱ ድምፅ የሚያጎላ ነው፤ ትልልቅ ስፒከር ይነዳል፣ ለሰርግ። ይኸን ካየህ ሌላ አትፈልግም አለኝ። ድምፁ ሞላሌ ድረስ ይሰማልሃል አለ። እኔ ሞላሌ እንዲሰማ አልፈልግም። እዚሁ እንዲቀር ነው የምፈልገው። አይሆንም አልኩት። ይኼን ያልተረዳ ሰው ብዙ ነው፤ እዚህ አገር ሚክሰር ስትል ሁሉም ጩኸት ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው ያ ፎቶውን ያየነው ነው። ስምንት መስመር፣ ስምንት ፌደር፣ ከኮምፒውተር በአንድ ገመድ ይገናኛል። ሁለቱም በጎቼ ይሄዱበታል።

ሦስተኛው ትንሽ ነው። የማይክ መሰኪያው ሁለት ብቻ። ፌደር የለውም፣ ቁልፍ ብቻ። በሙክቱ ብቻ ይገዛል፣ ጠቦቷ ትቀርልኛለች። ሌላ አንድ ቁልፍ አለበት አለኝ፣ ድምፅ ድንገት ሲፈነዳ ራሱ የሚይዝ። ኮምፕሬሰር ነው ስሙ። ጌትነት ከጎኔ ሆኖ «እንደ ፍሬን ነዋ» አለ። ልክ ነው። ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ ቢተኛ እንኳ ራሱ የሚይዝ ፍሬን። ለሰነፍ የተሠራ ዕቃ። እኔ እጅ አለኝ፣ ፍሬን ምን ያደርግልኛል።

ስምንቱን ነው የምገዛው። ተወስኗል።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ጥምቀት። ትናንት ታቦት ስንሸኝ ቀኑን ሙሉ የድምፅ ማጉያው ሥር ቆሜ ዋልኩ። ሰዉ ታቦቱን ያጅባል፣ እኔ ስፒከር አጅባለሁ። እማዬ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

ግን አንድ ነገር ተማርኩ። ዲያቆኑ ሲያነብ ጥርት ያለ ነው። ሴቶቹ እልል ሲሉ ማይኩ ውስጥ ይገባና ሁሉም ይቀደዳል፤ ክርርር ይላል፣ ጨርቅ እንደሚተረተር። ማጉያው ላይ የተቀመጠው ልጅ ቁልፉን ሊቀንስ ሲደርስ እልልታው አልቋል። ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደኋላ ነው።

ሙሾም እንዲህ ነው። እትዬ በለሆሳስ ይጀምራሉ። እየተነፈሱ ነው የሚመስለው። ከዚያ ድንገት ይወጣሉ፣ ሴቶቹም ይወጣሉ፣ ግቢው ሁሉ ይወጣል። እዚያ ላይ ከተቀደደ በቃ፣ ሁለተኛ ዕድል የለም። ስለዚህ አስቀድሜ ልካቸውን ማወቅ አለብኝ። መሞከር አለብኝ። እሑድ እትዬ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ከሙት ዓመቱ በፊት አንድ ቀን መጥተው ማይክ ፊት ሁለት ሦስት ግጥም ቢሉልኝ ጣቴ ይለምደዋል። ፈቃዳቸውንም በዚያው እጠይቃለሁ።

የሰ/ት/ቤት ኃላፊው ሁለት ማይክ ሊያውሱን ተስማሙ! አንዱ ወድቆ ጎድጉዷል፣ ግን ይናገራል። የጌትነትን ፓርላማ ረሳነው።

ጥር 17፣ እሑድ

ከእትዬ ቤት መጣሁ።

ደጃቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። ስለ መመንኮሳቸው ጠየቅኳቸው፣ ቀኑ ቀረበ አሉ። ስለ ሚክሰሩ ነገርኳቸው። ገባቸው፤ ድምፅ የሚያበጥር ወንፊት ነዋ አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ ልቤ ሞልቶ ሙከራውን ጠየቅኩ።

እንዝርታቸው ቆመ።

«ምን በይ አልከኝ?»

ደገምኩላቸው። በፈገግታ ነው የደገምኩት፣ እኔ ሞኙ።

«ዛሬ ማን ሞተና ነው ሙሾ የማወጣልህ? ቤቴ ላይ ልታሟርት መጣህ?»

ለሙከራ ብቻ ነው፣ የእውነት አይደለም ልል ጀመርኩ፣ የባሰ ሆነ። ያለ ለቅሶ የተለቀሰ ለቅሶ ሰው ይፈልጋል አሉኝ። ማንን እንደሚፈልግ ደግሞ አይታወቅም። ጎረቤት ሰምቶ እንደሆነ ዙሪያውን አዩ። ሦስቴ አማተቡ። ይኼን ማንም ሕፃን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ስለ ማሽን ሳስብ ግን ረሳሁት። ሌላ ቦታ ሰው እየደጋገመ ይቀርጻል፣ አልሆነም ብሎ እንደገና ይጀምራል። እዚህ ሙሾ ላይ እንዴት ብሎ።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ተነሥቼ ልሄድ ስል ልብሴን ያዙኝ፣ ተቀመጥ አሉኝ። ድምፃቸው ለሰለሰ። የዚያን ዕለት የፈለግኸውን ስካ፣ አልከለክልህም አሉ። አንተ ልጅ ነህ፣ እሷን የምትይዝበትን ይስጥህ አሉ። ከዚያ፦

«አንተስ የት ልትቆም ነው?»

ትንሿ ክፍል ውስጥ፣ ማሽኑ ዘንድ፣ በመስኮት እያየሁ አልኳቸው። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ።

«ጆሮህን ደፍነህ?»

ለመስማት ነው እኮ እትዬ አልኩ።

«እኔ ዘመዶቿን በየስማቸው ስጠራ፣ አባቷ ይወጣል፣ እናቷ ትወጣለች። ወንድሟን ስጠራ ማሽን ነው የሚወጣልኝ? አምና እንዳይከብድህ ብዬ ዘለልኩህ። ዘንድሮ እጠራሃለሁ፣ ልጄ።»

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ በፍጥነት ተራመድኩ፣ የሚያባርረኝ እንዳለ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

የሒሳብ ፈተና። ደህና ነበር መሰለኝ።

መፍትሔ አገኘሁ! ጌትነት! ፌደሩን እሱ ይይዛል፣ እኔ ስጠራ እወጣለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ካርቶኑ ላይ ተለማምዷል። ከት/ቤት ስንወጣ እየዘለልኩ ነገርኩት። እሺ ይለኛል ብዬ፣ ለእንዲህ ያለ ነገር እኮ ነው የተፈጠረው።

ቆመ። ጌትነት ሲቆም አይተኸው አታውቅም፤ ሁልጊዜ እየሄደ ነው የሚያወራው።

«አስካለ ለእኔም እህቴ ናት» አለኝ። «ሰው እየጮኸላት እኔ ቁጭ ብዬ ላዳምጥ?»

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ፣ እንደ ታላቅ። ለቅሶ ላይ ተመልካች የለም። እግቢው ውስጥ የገባ ሁሉ ቆሞ ያለቅሳል፤ መንገደኛ እንኳ በትሩን አስደግፎ ይገባል። አጎቴ ቢመጣ ይቆማል፣ ባለ ሱቁ ቢመጣ ይቆማል፣ ማንን ታስቀምጣለህ አለኝ። እውነቱን ነው። ከዘመሮ እስከ ቀየት ብፈልግ በአስካለ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ቁልፍ የሚያንቀሳቅስልኝ ሰው የለም። አንድ ሰው ብቻ አለ፣ እሱም እኔ ነበርኩ።

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ጌትነት፣ ያ ፍሬን ያለው ትንሹስ አለኝ። ትንሹን አልወደውም። በኢንተርኔት ሳየው ሣጥኑ ራሱ የሬዲዮ ሣጥን ይመስላል።

ማታ። እውነቱን ልጻፍ፣ አንተ ለማንም አትናገርም። ስምንቱን ፌደር ሳስበው የሚታየኝ እጄ ነው። እጄ ሥራ ይዟል። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው፣ ዓይኔ መብራቶቹ ላይ ነው። ቀይ እንዳይበራ እየጠበቅኩ ነው። እንደዚያ ከሆነ እግቢው ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ለእኔ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር። የእሷ ሙት ዓመት አይደለም።

ስለዚህ ነው እንዲህ የወደድኩት?

ጥር 23፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ገዛሁ!! ገዛሁ፣ ገዛሁ። ጭኔ ላይ አስቀምጬው መጣሁ፣ ከደ/ብርሃን እስከ ቤት፣ ጭኔ ደንዝዟል። ዝም ብለህ ስማኝ፣ በተርታ ልንገርህ።

ሌሊት 11 ሰዓት አውቶቡስ። ውርጩ መስታወቱን ጋገረው። ለሙክቱ ብር ሸሚዜ ውስጥ ኪስ ሰፍታልኝ ነበር እማዬ። ሱቁን እስካገኘው ሦስቴ አለፍኩት። ባለ ሱቁ በስልክ እንደሰማሁት ነው፣ ፈጣን። ሁለቱንም አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ።

ስምንቱን ነካሁት። ደብተሬ፣ ፌደሩ ቅቤ ላይ እንዳለ ቢላዋ ይሄዳል። ከታች እስከ ላይ አስኬድኩት፣ መለስኩት። ስምንቱንም። ባለ ሱቁ ሳቀ፣ ወደድከው አለኝ። ወደድኩት አልኩ።

ለምንድን ነው የምትፈልገው ሲለኝ ለመዝሙር አልኩት። ለሙሾ ብዬ ብነግረው ዕቃውን የሚደብቅብኝ መሰለኝ።

ከዚያ እጄን ብወስድስ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት። እንዴት ማለትህ ነው አለኝ። ማይኩ ፊት ሰው በለሆሳስ እያወራ ሳለ ድንገት ቢጮኽ፣ ማሽኑ ዘንድም ማንም ባይኖር። እንዴት ማንም አይኖርም ብሎ ግራ ገባው። አንተ የት ሄደህ? ውጭ ነኛ አልኩት።

አሳየኝ። ስምንቱ ላይ ማይክ ሰክቶ በሹክሹክታ ጀመረና አንዴ ጮኸ። ቀዩ በራ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያ የጥምቀቱ ክርርር። እጅ ያስፈልገዋል አለ፣ ይኼ እጅ ካለው ጋር ንጉሥ ነው። ከዚያ በትንሿ። ፍሬኗን እስከ ግማሽ አዞረ። በሹክሹክታ ጀመረ፣ ጮኸ። ድምፁ አደገ፣ ግን አልተቀደደም። ልክ ጣሪያ አግኝቶ ጎንበስ እንዳለ ረጅም ሰው። ቀዩ አልበራም።

አንተ ሞክራት ብሎ ማይኩን ሰጠኝ። የፈለግኸውን ጩህ፣ ሰፈሩ ለምዶኛል አለ። ማዳመጫውን አደረግኩ። ምን እንደምል አላሰብኩም ነበር። አፌ የጮኸው «አስካለ» ብሎ ነው። ዓመት ሙሉ ጮክ ብዬ ያልጠራሁት ስም። ሙሉውን መጣልኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ አንድም ቦታ ሳይቀደድ።

ባለ ሱቁ ጠቀሰኝ። ጓደኛህ ናት ወይ አለኝ። እህቴ አልኩ። ዘፋኝ ናት ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። እንግዲያው በዚህች ትዝፈን፣ ድምፅ አታባክንባትም አለኝ። እሺ አልኩ። ትንሿን ጠቅልልልኝ አልኩት። አሁን ስምንቱን ወደድኩት ብለህ አልነበር ብሎ ተከራከረኝ፣ ትንሽም ቀነሰልኝ። ወድጄዋለሁ፣ ግን እጅ የለኝም አልኩት። ሁለቱን እጆቼን አየ። መጠቅለል ጀመረ።

በሙክቱ ብቻ ተገዛ። ጠቦቷ ቤት አለች፣ አሁን ሄጄ አየኋት።

ደብተሬ፣ ስወጣ ስምንቱን ዞሬ አላየሁትም ብልህ እዋሻለሁ። አየሁት። ግን መንገዱን ሁሉ የደስታ ብርድ ነበረብኝ። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ለብቻዬ እስቅ ነበር፣ አጠገቤ ያሉት ቄስ ሁለቴ ዞረው አዩኝ።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ነነዌ ተፈታ። ድንኳኑ ቆመ። ጠላው ደርሷል። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስንሰካና ስንነቅል።

ሙሾ አይሞከርም። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ሞከርን። ጌትነት ፎከረ፤ ገድሎ የማያውቀውን አንበሳ ገደለ። እማዬ ዶሮዎቹን እንድትጠራ ለመንኳት፣ ስትጠራ የእውነት መጡና ማይኩን ጫሩት። ጌትነት የሴቶቹን ልቅሶ በቀጭን ድምፅ ሊያስመስል አፉን ሲከፍት ግን አስቆምኩት። አሁን ተምሬያለሁ።

ነፋሱ አስቸገረ። ማይኩ ላይ ፉ ይላል፣ እንደሚተነፍስ ሰው። ጌትነት ስፖንጅ ፈለገ፣ የለም። እኔ ያልተፈተለ የበግ ጠጉር አመጣሁና ጠቀለልኩት። ፀጥ። ሁለቱም ማይኮች አሁን ጠጉራም ናቸው፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ጥቁሩ ለእትዬ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ፣ ከራሳቸው ከፍ ብሎ። ነጩ ለሴቶቹ።

10 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ልቤም አብሮ። የጌትነት አጎት የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባትሪና ኢንቨርተር በራሳቸው ጋሪ አምጥተው አስቀመጡልን። ለቅዳሜም እዚሁ ይደር አሉ። ከዚያ ድንኳኑን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አባዬ መጣ። ቆሞ አየ። ፍሬን ያላችኋት ይቺ ናት ወይ ብሎ በአንድ ጣቱ ነካት፣ እንደ ትኩስ ነገር። ማዳመጫውን አደረግኩለት። እጓሮ ጠቦቷ ጮኸች፣ ጆሮው ውስጥ። ደንግጦ ወደ ኋላው ዞረ፤ ከዚያ ጥርሱን አየሁት። የአባዬን ጥርስ! እማዬም አየች። ማናችንም ምንም አላልንም፣ እንዳይጠፋ።

ፍሬኗን ከግማሽ ትንሽ አሳለፍኩ። ድምፁን ካሰብኩት ዝቅ አደረግኩ። ከዚህ በላይ የማውቅበት መንገድ የለም። ስህተት ከሆነ ስህተት ነው።

ጥር 30፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ቅዳሴው አለቀ። ቀድሜ ሮጬ መጣሁ፣ ለማብራት። ላፕቶፑ ይቀዳል፣ ቁጥሩ እየሮጠ ነው። መብራት አለ፤ ቢጠፋም ባትሪው ተገናኝቷል። ጥቁሩ ማይክ ደህና። ነጩ ደህና።

እጄ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። ትንሽ ልቀንስ? ትንሽ ልጨምር? ሁለቴ ነካሁት፣ ሁለቴም ወደነበረበት መለስኩት። አሁን ጋቢዬ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ በግራዬ ነው የምጽፈው፣ ለዚህ ነው እንዲህ የተጣመመው።

ዳገቱን እየወጡ ነው። እስካሁን የእግር ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሳለ። አረንጓዴዋ ብልጭ አለች። በዚህ ርቀት ሳሉን ሰማችው! እንዴት ያለች ማሽን ናት።

ማዳመጫውን ሣጥኑ ውስጥ ዘግቼበታለሁ። ክፍሉንም በውጭ እቆልፋለሁ፣ ቁልፉን ለእማዬ እሰጣታለሁ፣ እስኪያልቅ እንዳትሰጠኝ ብዬ። ከተቀደደም ይቀደድ። እኔ ግን ስጠራ እዚያ ነኝ።

አባዬ ደጅ ቆሟል። በቀኙ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትቶ። ጌትነት ሊቆምበት ሲል በእጁ ገፋ አደረገው። እትዬ ጀመሩ፣ ገና በለሆሳስ ነው፣ ልሂድ፣ በሩን